መብራቱን የሚያየው ሌላ፣ ብሩን የያዘው ሌላ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ቁልቁለት በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ የሚያየው ገደሉን ነው። አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ መንገዱን የለመደው ደግሞ እንቅልፉን ይለጥጣል። ዳሽቦርዱን የሚያየው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እዚያ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ከበራች የሚያውቀው ሾፌሩ ነው፤ ሌላው ሕይወቱን ይዞ ተቀምጧል እንጂ አያውቅም።

መብራቷን የሚያያት ሾፌር ደግሞ ብዙ ጊዜ የመኪናው ባለቤት አይደለም። ባለንብረቱ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሆኖ ማታ ማታ የቀን ገቢውን የሚጠብቅ ሰው ነው። በሁለቱ መካከል በየመናኸሪያው በየቀኑ የሚደረግ አንድ የታወቀ ንግግር አለ፦

«ጋሼ፣ መብራት በርቷል።»

«ይሄዳል አይሄድም?»

«መሄዱንስ ይሄዳል።»

«እንግዲያስ ሥራ። ቅዳሜ እናሳየዋለን።»

ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ለሰኞ ይተላለፋል። ሰኞ ነዳጅ የለም፤ ሲገኝ ደግሞ የጠፋውን ገቢ ማካካስ ያስፈልጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ መብራቷ የዳሽቦርዱ ጌጥ ትሆናለች። አንዳንዴ አምፖሏ ትነቀላለች፣ አንዳንዴም ቁራጭ ፕላስተር ይለጠፍባታል።

ብዙ ሰው ይህን የሾፌሮች ግዴለሽነት፣ ወይም የመካኒኮች ችሎታ ማነስ አድርጎ ያየዋል። ሁለቱም አልፎ አልፎ ይኖራሉ። ዋናው በሽታ ግን ሌላ ነው፤ መብራቱን የሚያየው ሰው ብሩን አልያዘም፣ ብሩን የያዘው ሰው መብራቱን አያይም፣ ሞተሩን የሚያውቀው መካኒክ የሚጠራው ከተሰበረ በኋላ ነው፣ ሕይወቱን ያስያዘው ተሳፋሪ ደግሞ የሚጠይቀው የለም። አራቱ አንድ ቦታ የሚገናኙት መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ብቻ ነው። ያ መንገድ ሊማሊሞ ሲሆን ደግሞ ዋጋው ይከብዳል።

መብራቱ ምን እያለ ነው?

የዳሽቦርድ መብራት የሚናገረው በቀለም ነው። ቀይ ቁም ይላል፤ የዘይት ግፊት ሲወርድ ወይም ሞተር ሲግል ቀዩ ይበራል። ቢጫ ደግሞ «አሁኑኑ ባትቆምም ሳትውል ሳታድር አሳየኝ» ይላል። ቢጫዋ የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች ግን ነገሩ ወደ ቀዩ ተጠግቷል፤ ሞተሩ ነዳጁን በትክክል ሳያቃጥል እያስወጣ ነው፣ በዚያ ሁኔታ ዳገት ማስወጣት የጭስ ማውጫውን ማጣሪያ ማቃጠል ነው።

ቼክ ኢንጅን የሞተሩ ኮምፒውተር ድምፅ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ ቀላል መኪና አንድ ዓይነት የምርመራ ሥርዓት እንዲኖረው አስገደደች። አውሮፓ በ2001 ለቤንዚን፣ በ2004 ለናፍጣ መኪኖች ተከተለች። ዛሬ ደባርቅ ጋራዥ ውስጥ «ኮምፒውተር ይታይ» የሚባለው ነገር መነሻው ይኸው ነው፤ ከመሪው ሥር ያለችው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ መሣሪያው ይሰካና ኮድ ይነበባል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ኮድ ሲወጣ ብዙ ሰው ሐኪም መድኃኒት የጻፈለት ይመስለዋል። ኮድ ግን ቀበሌውን ይነግራል እንጂ የቤት ቁጥሩን አይነግርም። ለምሳሌ ፒ0340 የሚለው ኮድ የካምሻፍት ሴንሰር መሥመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሽቦው አይጥ በልታው፣ ሶኬቱ ዘይት ገብቶበት ወይም ዝጎ ሊሆን ይችላል። ፒ0016 ደግሞ ክራንክሻፍቱና ካምሻፍቱ ያሉበት ቦታ አልተስማማም ይላል። ታይሚንግ ቺንጋው ወይም ሰንሰለቱ ጥርስ ዘልሎ፣ አለዚያም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ኮድ አይቶ ሴንሰር ገዝቶ መግጠም፣ ቤቱ እየፈረሰ በሩን ቀለም እንደመቀባት ነው።

መሣሪያው አንድ ፈተናም ይዞ መጥቷል፤ «አጥፋ» የሚል ትእዛዝ አለው። አንድ ጣት ሲጫነው መብራቷ ትጠፋለች፣ ባለመኪናው ይደሰታል፣ ከፋይም ተከፋይም እጅ ይጨባበጣሉ። ምክንያቱ ካልተነካ ግን ከጥቂት ጉዞ በኋላ ትመለሳለች። የጠፋው መብራት ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ችግሩ በተፈጠረበት ቅጽበት የመዘገበው ፍጥነት፣ የሞተር ሙቀትና ጫናም አብሮ ይጠፋል። ለመካኒኩ ያ መረጃ ለሐኪም የታማሚ ታሪክ እንደማለት ነው። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት ኮዱን መጻፍ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ይህ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።

ደባርቅ ላይ የሚሰማ ሌላ ምክንያትም አለ፤ «አየሩ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ጨነቅን አልፎ ወደ ቧሂት በሚወጣው መንገድ ላይ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ጉልበት ያጣል፣ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሆኖም ኮምፒውተር ያለው መኪና ከፍታውን አውቆ ነዳጁን የሚመጥን ነው። ከፍታ ብቻውን ቼክ ኢንጅን ማብራት የለበትም። ከፍታው የሚያደርገው የተደበቀውን ድካም ማጋለጥ ነው፤ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ጎንደር ላይ ዝም ብሎ ዳባት ሲደርስ ይናገራል። «አየሩ ነው» የሚለው መልስ እንግዲህ ምርመራው ገና እንዳልተጀመረ ምልክት ነው።

ያቺ ሌላዋ መብራት

በዚህ አካባቢ ሕዝብ የሚያመላልሱት ብዙዎቹ መኪኖች ግን ኮምፒውተር የላቸውም። በብዙ ሃይሴ ሚኒባሶች ላይ የሚገኘው 5ኤል የናፍጣ ሞተርም ሆነ ቱሪስት ይዞ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወጣው ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር በአብዛኛው ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ፣ ለጥንካሬያቸው የተመሰገኑ ሞተሮች ናቸው። በእነዚህ ላይ የምትበራው ወሳኝ መብራት ሌላ ናት፤ «ቲ-ቤልት» የሚል ጽሑፍ ያለባት።

ስለዚህች መብራት ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ቺንጋውን አታየውም፣ አትነካውም፣ አትለካውም። የምታደርገው ኪሎሜትር መቁጠር ብቻ ነው። ኪሎሜትሩ የተወሰነለት ላይ፣ በብዙዎቹ 100,000 ላይ ሲደርስ፣ ትበራለች። ቺንጋው ትናንት ተቀይሮ መካኒኩ ቆጣሪውን ዳግም ካላስጀመረው ትበራለች። ቺንጋው ሊበጠስ አንድ ሳምንት ቀርቶት ቆጣሪው ገና ከሆነ ደግሞ ጭልጥ ብላ ትተኛለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። መኪናው ከውጭ ሲገባ ያገለገለ ነበር። ኪሎሜትሩ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ ሊሆን ይችላል። የኪሎሜትር ገመዱ ተበጥሶ ሁለት ዓመት ሳይቆጥር ሠርቶ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ሁኔታዎች መብራቷ ባትበራም ዋስትና አይደለችም። እንግዲህ ሕጉ ቀላል ነው፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የቺንጋው ታሪክ በጽሑፍ ካልተሰጠው በቀር አሮጌ ነው ብሎ ይቀይረው። «ሻጩ ከስድስት ወር በፊት ቀይሬዋለሁ ብሎኛል» የሚባለው ወሬ ጥርስ የለውም፤ ጥርስ ያለው ቺንጋው ነው።

አንድ ላስቲክ የሚሸከመው ሥራ

ታይሚንግ ቺንጋ ጥርስ ያለው ላስቲክ ነው፤ ውስጡ በጠንካራ ክር የተገመደ። ሥራው ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ በትክክል አንድ ጊዜ እንዲዞር ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ቫልቭ ከፒስተኑ እንቅስቃሴ ጋር ተስማምቶ በጊዜው መከፈትና በጊዜው መዘጋት አለበት። በ5ኤልና በ1ኤችዜድ ሞተሮች ይኸው ቺንጋ የናፍጣ ፓምፑንም ያዞራል። ስለዚህ ነዳጁ መቼ እንደሚረጭ የሚወስነውም እሱ ነው።

ቺንጋው ሲበጠስ ክራንክሻፍቱ በመኪናው ግፊት መዞሩን ይቀጥላል፣ ካምሻፍቱ ግን ይቆማል። ክፍት የቀረውን ቫልቭ የሚወጣው ፒስተን ይመታዋል። በአንዳንድ አሮጌ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ላይ በመካከላቸው በቂ ክፍተት ስላለ መኪናው ቆሞ ይቀራል እንጂ ሞተሩ አይጎዳም። በናፍጣ ሞተር ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይጠበቅም፤ ፒስተኑ ከቴስታታው ጋር የሚኖረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ቫልቭ ይጣመማል፣ አንዳንዴ ፒስተን ይሰነጠቃል፣ ቴስታታ ይወርዳል።

ሒሳቡን ለመሥራት የዋጋ ዝርዝር አያስፈልግም። ቺንጋና መወጠሪያውን መቀየር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቴስታታ ማውረድ ግን ቫልቭ፣ ጓርኒሲዮን፣ የሬቲፊካ ቤት፣ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ጎንደር፣ ካልተገኘም ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ መላክ ነው። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ከሆነ ደግሞ መኪናው ጡብ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሌላም ጉዳይ አለ። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ተፈልፍሎ የወጣ ጠመዝማዛ ነው። እዚያ ላይ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ እገዛም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ይሠራል፤ ግን ሾፌሩ ባልለመደው ጉልበት መርገጥ አለበት። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሾፌር ፍሬኑን እየለቀቀ ደጋግሞ መርገጥ የለበትም፤ አንዴ ረግጦ አጥብቆ ይያዝ፣ ማርሹን አያውጣ፣ ቁልፉን አይንቀል፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይሳብ፣ መኪናው ከቆመ በኋላም ሞተሩን ለማስነሳት አይሞክር። ይህን የሚያውቅ ሾፌር ሰው ያተርፋል። በዚያ ኩርባ ላይ ይህን እንዲያስታውስ ከመገደድ ግን ቺንጋ መቀየር ይቀላል።

የሰሜን 100,000 ኪሎሜትር እንደ ሌላው አይደለም

አንዳንድ ባለንብረት «መጽሐፉ 100,000 ይላል፣ የእኔ ገና 80,000 ነው» ብሎ ይከራከራል። መጽሐፉ እውነቱን ነው። ነገር ግን ቺንጋውን የሚያደክመው የሞተሩ ዙር ነው፤ ኪሎሜትር ለዙር መለኪያነት የተመረጠው ለመቁጠር ስለሚቀል ብቻ ነው።

ሞተር በደቂቃ 2,500 ጊዜ ይዞራል እንበል። በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና አንድ ኪሎሜትር ለመጨረስ 45 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሞተሩ 1,875 ጊዜ ይዞራል። የሊማሊሞን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት 25 ኪሎሜትር የሚወጣው ግን ለአንድ ኪሎሜትር 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ያስፈልገዋል፤ ሞተሩ 6,000 ጊዜ ይዞራል። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። መናኸሪያ ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተር ሳይጠፋ የሚቆምበት ጊዜ ሲጨመርበት ደግሞ ኪሎሜትሩ ዜሮ ነው፣ ቺንጋው ግን እየሠራ ነው።

በዚያ ላይ አቧራ አለ። ከደባርቅ ወደ ፓርኩ የሚወጣው የጠጠር መንገድ በበጋ የሚያስነሣው አቧራ የቺንጋው ሽፋን በትክክል ካልተዘጋ፣ ወይም ከሰባት ብሎን አራቱ ብቻ ከታሠሩ፣ ውስጥ ይገባል። የዘይት ማኅተሞች ካንጠባጠቡ ላስቲኩ ዘይት ጠጥቶ ይለሰልሳል። ዕድሜም አለ፤ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ብዙ አምራቾች ኪሎሜትርም ዓመትም ጽፈው «የቀደመው» የሚሉት ለዚህ ነው። በጦርነቱና በመንገድ መዘጋት ምክንያት ረጅም ጊዜ ቆመው የከረሙ መኪኖች «ምን ሠርቶ!» ተብለው መታለፍ የለባቸውም።

ስለዚህ በዚህ መሥመር ለሚሠራ መኪና ከ60,000 እስከ 70,000 ኪሎሜትር ባለው ጊዜ ቺንጋ መቀየር ቅንጦት አይደለም። የተራራውን ሒሳብ በተራራው ቁጥር መሥራት ነው።

ሲቀየር እንዴት ይቀየር?

መካኒኩ እጁ ላይ ያለውን ሥራ ባለንብረቱም ሆነ ሾፌሩ ቆሞ ማየት መብቱ ነው። ጥሩ መካኒክ ሲታይ ይደሰታል እንጂ አይከፋም። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ባትሪው ይፈታል፤ ሞተሩ ይቀዘቅዛል።

2. አሮጌው ቺንጋ ከመውለቁ በፊት ክራንክሻፍቱ፣ ካምሻፍቱና የናፍጣ ፓምፑ ላይ ያሉት ምልክቶች ከቦታቸው ጋር ይገጣጠማሉ። «በዓይን ግምት» የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ አንድ ጥርስ ሲሳሳት ሞተሩ ይነሣል፣ ግን ይጨሳል፣ ጉልበት ያጣል።

3. መወጠሪያው ኩሺኔታና ስፕሪንጉ አብረው ይቀየራሉ። አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሺኔታ ላይ መግጠም አዲስ ጫማ በተቀደደ ካልሲ እንደማድረግ አይደለም፤ ከዚያ ይከፋል። ኩሺኔታው ሲነክስ አዲሱን ቺንጋ ይዞት ይሄዳል።

4. የዘይት ማኅተም የሚያንጠባጥብ ከሆነ በዚያው ይቀየራል። በአንዳንድ ሞተሮች የውሃ ፓምፑም በዚሁ ቺንጋ ስለሚዞር አብሮ ይታያል።

5. ከተገጠመ በኋላ ክራንክሻፍቱ በቁልፍ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ምልክቶቹም እንደገና ይታያሉ። በሞተሪኖ «እስኪ ሞክረው» ማለት ስሕተት ካለ ቫልቭ ማጣመም ነው። በእጅ ሲዞር አንድ ነገር ከነካ ግን ይሰማል፣ ይቆማል፣ ይስተካከላል።

6. ሽፋኑ በሙሉ ብሎኑ ይዘጋል፤ ቆጣሪው ዳግም ይጀምራል፤ ቀንና ኪሎሜትር ይጻፋል።

ስለ ዕቃውም አንድ ቃል። ቺንጋ መታጠፍ አይወድም። ሱቅ ውስጥ ምስማር ላይ ተጨምድዶ የተንጠለጠለ፣ ወይም ኪስ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የመጣ ቺንጋ ውስጡ ያለው ክር ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ አይታይም። እንዲሁም «አየሁት፣ ጤነኛ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። የተሰነጠቀ ቺንጋ በእርግጥ መጥፎ ነው፤ ያልተሰነጠቀ ግን የግድ ጥሩ አይደለም።

ባለንብረቱም እውነት አለው

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለባለንብረቱ ስብከት ሊመስለው ይችላል። እሱም የሚለው አለ፤ ሊሰማም ይገባል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ነዳጅ ለመቅዳት ሰልፍ ነው። መንገድ ሲዘጋ ገቢ የለም፤ የባንክ ብድር ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆምም። የሲሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 ጀምሮ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ቆይቶ በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ ቱሪስት ይበዛል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነው የታወቀ ነው፤ ወረርሽኝ፣ ጦርነት፣ እንደገና ግጭት። ላንድክሩዘር ገዝቶ እንግዳ የጠበቀ ሰው እንግዳው ሳይመጣ ዕዳው መጣ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ነጥብ ወደ አንድ መደምደሚያ ይወስዳል። መለዋወጫ ከተወደደ፣ ከአንድ ቺንጋ ይልቅ የአንድ ቴስታታ መወደድ ይብሳል። መንገድ የሚዘጋ ከሆነ፣ መንገድ ላይ መሰበር ከወትሮው ይከፋል። ደግሞም መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። አገሪቱ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየዞረች ነው፤ የሊማሊሞን ዳገትና የፓርኩን ጠጠር መንገድ ግን ለገና ብዙ ዓመት የሚወጡት አሁን ያሉት አሮጌ ናፍጣዎች ናቸው። የሚተካ በማይገኝበት ጊዜ ያለውን መጠበቅ ምርጫ መሆኑ ይቀራል።

ሾፌሩም እውነት አለው። «መብራት በርቷል» እያለ የሚያስቸግር ሾፌር በማያስቸግር ይተካል። ቁልፉን የሚቀበል ወጣት መናኸሪያው በር ላይ ሞልቷል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝምታው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። መካኒኩም እንዲሁ፤ «ይህን ሳልቀይር አልለቅም» ቢል መኪናው ቀጣዩ ጋራዥ ይሄዳል።

እንግዲህ ሦስቱም በየራሳቸው ሒሳብ ልክ ናቸው፤ ድምሩ ግን ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት በምክር አይታረምም። መብራቱንና ብሩን የሚያገናኝ መላ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

መላው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። አንደኛው ዕቁብ ነው። በደባርቅና በዳባት መሥመር የሚሠሩ ባለንብረቶች በማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ ዕቁብም የማያውቅ የለም። በሳምንት ከገቢው ትንሽ ትንሽ እየተዋጣ ለቺንጋና ለፍሬን ብቻ የሚወጣ የጥገና ዕቁብ ማቋቋም ይቻላል። ዕጣው በዕድል ሳይሆን በኪሎሜትር ይውጣ፤ ቆጣሪው የቀደመበት ቀድሞ ይውሰድ። ገንዘቡ አስቀድሞ የተቀመጠ ከሆነ «ቅዳሜ እናሳየዋለን» የሚለው ንግግር ምክንያት ያጣል።

ሁለተኛው ካርድ ነው። ኮፈኑ ውስጥ የሚለጠፍ አንድ ቁራጭ ወረቀት፤ ቺንጋው የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎሜትር፣ የጋራዡ ማኅተም። ዋጋው የአንድ ሻይ ነው። መኪናው ሲሸጥ ካርዱ አብሮ ይሸጣል፤ ዋጋም ይጨምራል።

ሦስተኛው ከመንግሥት የሚጠበቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፣ ቦሎ ይለጠፍለታል። መርማሪው ሞተር ይፍታ የሚል የለም። ሕዝብ የሚጭን መኪና ግን የቺንጋ ካርዱን ያሳይ ማለት ይቻላል። እንዲሁም የደባርቅ መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ወደ ሊማሊሞ ለሚወርድ መኪና መውጫ ሲሰጥ ቁልፉን አስከፍቶ ዳሽቦርዱን አንድ ጊዜ ቢያይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ቁልፉ ሲከፈት መብራቶቹ ሁሉ በርተው ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባቸው። ጨርሶ የማትበራ መብራት ካለች አምፖሏ ተነቅላለች ማለት ነው፤ እሷም ራሷ መልስ ናት። ይህ ቁጥጥር ሾፌሩን ያስጠይቀዋል የሚል ይኖር ይሆናል። በተቃራኒው ያድነዋል። «ጋሼ፣ ስምሪት አልለቅም አለኝ» ማለት «ጋሼ፣ ፈራሁ» ከማለት ይቀላል።

አራተኛው ተሳፋሪው ነው። ጎማ ሲያልቅ የሚጮህ ተሳፋሪ አለ፤ ሾፌር ሲፈጥን የሚቆጣ ሽማግሌ አለ። «ልጄ፣ ያቺ ቢጫ መብራት ምንድን ናት?» ብሎ በትሕትና መጠየቅም ነውር የለውም። ሾፌሩ የሚመልሰው መልስ ባይኖረው እንኳ ማታ ለባለንብረቱ የሚናገረው ነገር ያገኛል፤ ሰው እየጠየቀ ነው ይላል። ባለንብረት የተሳፋሪን ጥያቄ ይፈራል፤ ተሳፋሪ ማለት ገቢ ነውና።

እነዚህ አራቱ አንድም ዶላር አይጠይቁም። የሚጠይቁት መብራቱን የሚያየው፣ ብሩን የያዘው፣ ሞተሩን የሚያውቀውና ሕይወቱን ያስያዘው ሰው መኪናው ሳይሰበር በፊት እንዲነጋገሩ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለቤት ብቻ አይደለም። ያቺ ቢጫ መብራት በርታ የድርሻዋን ተናግራለች፤ ከዚህ በኋላ ያለው የሰው ሥራ ነው።

መልካም መንገድ።